የተዘጋ የከሰል ማዕድን፣ የማይተኛ መሬት፦ በሳተላይት ራዳር ስለሚለካ የመሬት እንቅስቃሴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊድስ ወይም ኖቲንግሃም ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ጠበቃው ከሚልክለት የወረቀት ክምር መካከል «ከንብረቱ በታች የድንጋይ ከሰል ተቆፍሯል» የሚል መስመር ሲያገኝ ይደነግጣል። ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይሮጣል፤ እዚያም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ የበዛበት ካርታ ይጠብቀዋል። ካርታውን የሠራው ራዳር ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ራዳሩ፣ ስለ ካርታውና ከሁለቱም በታች ስላለው ባዶ ጉድጓድ በብዛት የሚነሱት ናቸው። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ማዕድኑ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ! መሬቱ እስካሁን ለምን ይንቀሳቀሳል?

መልሱ አቆፋፈሩ ላይ ነው። በድሮው ዘዴ ከሰሉ እንዳለ አይወጣም ነበር፤ ጣሪያውን የሚሸከሙ የከሰል ምሰሶዎች ይተዋሉ። እነዚህ ምሰሶዎች በውሃና በጊዜ እየተበሉ ይቆዩና ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሊከዱ ይችላሉ። ኋላ ላይ የተስፋፋው ሎንግዎል የሚባለው ዘዴ ደግሞ ምሰሶ አይተውም። ማሽኑ ከሰሉን በረጅም ግንባር እየላጠ ወደፊት ይሄዳል፣ ከኋላው ጣሪያው እንዲወድቅ ይለቀቃል። ላይ ያለው መሬት ተከትሎ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ከወጣው የከሰል ውፍረት እስከ 90 በመቶ ድረስ።

የሚሰምጠው ደግሞ ከቁፋሮው ቀጥታ በላይ ያለው ብቻ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ እንደ ልማድ የሚያዘው የ35 ዲግሪ ማዕዘን ነው። ቁፋሮው 500 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ከጠርዙ 350 ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ቤትም ሊነካ ይችላል ማለት ነው። «ማዕድኑ እኮ ከማዶ ነበር» የሚለው መጽናኛ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሎንግዎል አንድ መልካም ጎን አለው፦ አብዛኛው መስመጥ ግንባሩ ካለፈ በኋላ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል። ታዲያ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? በአብዛኛው ጉዳዩ የውሃ ነው። ማዕድኑ ሥራ ላይ ሳለ ፓምፕ ቀን ከሌት ውሃ ይስባል፤ አለበለዚያ ሠራተኛው ይሰጥማል። ማዕድኑ ሲዘጋ ፓምፑም ይቆማል፣ የከርሰ ምድሩ ውሃም ወደ ቀድሞ ቤቱ መመለስ ይጀምራል። መመለሱ ዓመታት፣ ሲብስም አሥርት ዓመታት ይወስዳል። ውሃው በሚመለስበት ጊዜ ሁሉ መሬቱ አርፎ አይተኛም።

ሳተላይቱ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሚሊሜትር እንዴት ያያል?

ሚሊሜትር አያይም። የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 የሚዞረው 693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ አንዷ የምስሉ ነጥብ በስፋት 5 ሜትር በ20 ሜትር ያህል መሬት ትይዛለች። በዚህ ስፋት መኪና እንኳ ለይቶ ማየት አይቻልም። ምስጢሩ ያለው ሞገዱ ውስጥ ነው።

ራዳሩ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ የመጣውንም ይቀበላል። የሴንቲኔል-1 ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ሞገዱን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ አስቡት። ዘንጉ በመንገድ ላይ ሳለ እጅግ ብዙ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ የቆመበት ቦታ ይመዘገባል። ስንት ጊዜ እንደዞረ አናውቅም፤ የት ላይ እንደቆመ ግን እናውቃለን። ሳተላይቱ ከ12 ቀን በኋላ ያንኑ ቦታ ከዚያው የሰማይ መስመር ላይ ሆኖ እንደገና ይለካል። መሬቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከሆነ ሞገዱ ትንሽ ርቆ ስለሄደ ዘንጉ የቆመበት ቦታ ይለያል። ሞገዱ ሄዶ መላሽ ስለሆነ የመሬቱ መንሸራተት ሁለቴ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር የሚሞላው መሬቱ የሞገዱን ግማሽ፣ ማለትም 2.8 ሴንቲሜትር ሲርቅ ወይም ሲቀርብ ነው። የዙሩን ትንሽ ክፍልፋይ ማንበብ ስለሚቻል ወደ ሚሊሜትር ይወረዳል። ዘዴው በአጭሩ ኢንሳር ይባላል።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሚያስቸግረው አየሩ ነው፤ በመካከል ያለ የውሃ እንፋሎት ሞገዱን ስለሚያዘገየው መሬቱ ሳይነቃነቅ ሴንቲሜትሮች የተንቀሳቀሰ ሊያስመስል ይችላል። ሁለት ምስል አወዳድሮ «መሬቱ ሰመጠ» ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ምስሎች ተደርድረው ሲታዩ ግን አየሩ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስለሚል ይጠፋፋል፤ የመሬቱ እንቅስቃሴ በአንድ አቅጣጫ ስለሚቀጥል ይቀራል። የብዙ ዓመት ምስል ካለና ነጥቡ ጥሩ ከሆነ ዓመታዊውን ፍጥነት ወደ 1 ሚሊሜትር በተጠጋ ትክክለኛነት ማግኘት ይቻላል።

ታዲያ ከሥራ ላይ ካለው ማዕድን ይልቅ የተዘጋው ይቀላል ለምን ይባላል?

በዚያው ዘንግ ምክንያት። ሁለት ጎረቤት ነጥቦች በሁለት ምስል መካከል ከሞገዱ ሩብ በላይ፣ ለሴንቲኔል-1 ከ1.4 ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ ዘንጉ ወዴት እንደዞረ ማወቅ ያስቸግራል። ሎንግዎል በንቃት እየላጠ ያለበት ቦታ በ12 ቀን ውስጥ ከዚያ እጅግ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከካርታው ላይ የመስመጫው መካከል ባዶ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። የተዘጋ ማዕድን ግን በዓመት ሚሊሜትሮች እያለ የሚጎተት ነው፤ ለሰው ዓይን የማይታይ፣ ለራዳር ግን ልክ የሚስማማ ፍጥነት።

ረዘም ያለ ሞገድ የሚጠቀሙ ሳተላይቶች ይህን ይታገሳሉ። የጃፓኑ አሎስ-2 እንዲሁም ሐምሌ 2025 የተወነጨፈው የአሜሪካና የሕንድ ኒሳር ወደ 24 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ሞገድ አላቸው።

ደመና ወይም ሌሊት አያግደውም?

አያግደውም። ራዳር የራሱን መብራት ይዞ የሚሄድ ነው፤ ሞገዱም ደመናን ያልፋል። ዌልስ ወይም ስኮትላንድ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መረጃው ከመቼ ጀምሮ አለ?

ከ1991 ጀምሮ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ኢአርኤስ-1ን አመጠቀ። በ1992 ካሊፎርኒያ ላንደርስ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚሁ ሳተላይት ተለክቶ በ1993 ሲታተም ዓለም ዘዴው ምን ማድረግ እንደሚችል አየ። በ1995 ኢአርኤስ-2፣ በ2002 ኤንቪሳት ተከተሉ። የሚመለሱት በ35 ቀን አንዴ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሚያዝያ 2014 የተላከው ሴንቲኔል-1ኤ ነው፤ ቋሚ ፕሮግራም ያለው፣ መረጃውም ለማንም በነጻ የሚሰጥ። መንትያው 1ቢ በ2016 ተጨምሮ የሁለቱ ምልልስ ወደ 6 ቀን ወርዶ ነበር፤ ታኅሣሥ 2021 ግን 1ቢ የኃይል ብልሽት ደርሶበት ዝም አለ። ምትኩ 1ሲ የሄደው ታኅሣሥ 2024 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ምስል ሳሳ ያሉ ናቸው፤ የዚያን ጊዜ ግራፍ ስታዩ ነጥቦቹ ተራራቁ ብላችሁ አትደነቁ።

ለተዘጋ ማዕድን የዚህ ክምችት ዋጋ ከፍተኛ ነው። በ1992 ማንም ያላሰበበትን መንደር ዛሬ ወደ ኋላ ሄዶ መለካት ይቻላል። ሌላ መለኪያ እንዲህ አያደርግም፤ ቀያሽ ትናንት ያልለካውን ዛሬ ሊለካ አይችልም።

መሬቱ ወደ ላይ ይነሳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው መስመጥን ብቻ ሲጠብቅ የሚያስገርመውም ይኸው ነው። በደንብ የተጠናው ቦታ ደቡብ ሊምቡርግ ነው፣ ኔዘርላንድስ ከጀርመንና ከቤልጅየም በምትዋሰንበት ጥግ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1965 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኦይል ሄርለን ከተማ መጥቶ ማዕድኖቹ እንደሚዘጉ አስታወቀ። እስከ 1974 መጨረሻ አንድም አልቀረም። ፓምፖቹ ደረጃ በደረጃ ሲቆሙ ውሃው ከታች ወደ ላይ መሙላት ጀመረ። ጣሪያው ወድቆ የተሰባበረው ድንጋይ በመቶ ሜትሮች ክብደት ተጨፍልቆ ተኝቷል፤ ውሃው በየስንጥቁ ሲገባ ከውስጥ ይገፋል፣ ከላይ የነበረውን ጫና በከፊል ይሸከማል። ድንጋዩ ትንሽ ተንፈስ ይላል፤ ያ መተንፈስ እስከ ገጽ ይደርሳል። የኔዘርላንድሱ ደልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1992 ጀምሮ ያለውን የራዳር መረጃ በጉድጓዶቹ ውስጥ ከተለካው የውሃ ከፍታ ጎን ሲያስቀምጡት ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ ሆነው ተገኙ፦ ውሃው በፈጠነበት መሬቱ ይፈጥናል፣ ውሃው በዘገየበት መሬቱም ይዘገያል።

ከፍ ማለቱ ቀድሞ የሰመጠውን አይመልስም። መስመጡ በሜትር የሚቆጠር ነበር፤ መነሳቱ የዚያ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በአካባቢው ሁሉ አሥርት ዓመታት የሚቀጥል እንቅስቃሴ ነው። ቤልጅየም ውስጥም የመጨረሻው ማዕድን ዞልደር በ1992 ከተዘጋ በኋላ በካምፒን አካባቢ ተመሳሳይ መነሳት በራዳር ታይቷል።

የካርታው አስተማሪ ጎን እዚህ ላይ ነው። ውሃው የት እንደደረሰ ለማወቅ በየቦታው ጉድጓድ መቆፈር ውድ ነው፤ መሬቱ ግን ከላይ ሆኖ ይናገራል። ከፍ ማለቱ ወደ ጎረቤት ማዕድን ሲሻገር ከታየ ውሃውም መንገድ አግኝቶ ተሻግሯል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የተበከለ የማዕድን ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መጠጥ ውሃ እንዳይገባ ለሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ይህ ከቤት ስንጥቅ የሚበልጥ ወሬ ነው።

ከፍ ማለት ቤት ይጎዳል?

እኩል ከፍ ካለ አይጎዳም። ሠፈሩ በሙሉ አብሮ 5 ሴንቲሜትር ቢነሳ ማንም አያውቅም። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ ጎን ሲነሳ ሌላው ሲቀር ነው። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው የመሬት ስብራት ባለበት መስመር ላይ ነው፤ ስብራቱ ውሃውን ስለሚያግድ በአንድ ወገን ይሞላል፣ በሌላው አይሞላም። በጀርመን ሂከልሆፈን የነበረው ሶፊያ-ያኮባ ማዕድን በ1997 ከተዘጋ በኋላ በአቅራቢያው ዋሰንበርግ ከተማ ስብራቱን ተከትለው የቆሙ ቤቶች የተሰነጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። ማዕድኑ ሲሠራ ያልተነኩ፣ ከተዘጋ በኋላ ግን የተጎዱ ቤቶች ነበሩ፤ ባለቤቶቹን ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ካርታ ላይ ዓይን መፈለግ ያለበት ትልቁን ቁጥር ብቻ አይደለም። በአጭር ርቀት ውስጥ ቀለሙ የሚለወጥበትን ጠርዝ ፈልጉ።

የቀለሙን ቁጥር እንዴት ላንብበው?

ሦስት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። ራዳሩ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን አዘንብሎ ያያል፤ የሚለካውም በዚያ የእይታ መስመር ላይ ያለውን መቅረብና መራቅ ነው። «በዓመት 8 ሚሊሜትር መራቅ» ማለት 8 ሚሊሜትር መስመጥ ማለት አይደለም። ወደ ሰሜን በሚወጣበትና ወደ ደቡብ በሚወርድበት ጊዜ የተነሱ ምስሎች ሲጣመሩ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ከምሥራቅ-ምዕራቡ ይለያል። የሰሜን-ደቡብ መንሸራተትን ግን ሳተላይቶቹ ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለሚጓዙ አያዩትም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መነሻው ነው። ማንኛውም የኢንሳር ቁጥር «ከምን አንጻር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አቀናባሪው አይንቀሳቀስም ብሎ የመረጠው ነጥብ ራሱ በማዕድን ላይ ተቀምጦ ከፍ እያለ ከሆነ፣ ፀጥ ያለው አካባቢ በሙሉ እየሰመጠ ይመስላል። በከሰል ክልል ውስጥ ፀጥ ያለ ነጥብ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለእኔ አንድ ዘገባ እምነት የሚጣልበት ይሁን አይሁን የሚለየው ቀለሙ ማማሩ ሳይሆን የመነሻ ነጥቡ በግልጽ መጻፉ ነው።

ሦስተኛው አማካዩ ነው። «በዓመት 0 ሚሊሜትር» የሚል ነጥብ አራት ዓመት ሰምጦ አራት ዓመት ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ የፓምፕ ሥራ ቆሞ እንደገና በሚጀመርበት ቦታ ይህ ይከሰታል። ነጥቡን ጫን አድርጉና የጊዜውን ግራፍ ክፈቱ። ቀለሙን ብቻ አይቶ መመለስ የመጽሐፍ ሽፋን አይቶ አነበብኩ እንደማለት ነው።

ቤታችን ገጠር ነው፣ ካርታው ባዶ ነው። ለምን?

ሣርና ቅጠል በ12 ቀን ውስጥ ስለሚለዋወጥ ሞገዱ ተመልሶ ሲመጣ ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር ነገር አያገኝም። ጣሪያ፣ ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ገላጣ ድንጋይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣሉ። በ2000 አካባቢ በሚላኖ ፖሊቴክኒክ ፌሬቲ፣ ፕራቲና ሮካ ያዳበሩት ዘዴ እነዚህን የማይለወጡ ነጥቦች እየለቀመ የሚሠራ ነው፤ ለከተማ ተወዳዳሪ የለውም። ለገጠሩ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየጊዜው የሚጠፉ የሚመጡ ነጥቦችንም ጨምሮ የሚቆጥር ዘዴ አውጥተው በደቡብ ዌልስና በሌሎች የቀድሞ ከሰል ክልሎች ሞክረውታል፤ ጥራቱን በጥቂቱ ሠውቶ ሽፋኑን በብዙ የሚያሰፋ ነው። ሌላው አማራጭ መሬት ላይ ከብረት የተሠራ ባለ ሦስት ገጽ አንጸባራቂ ማቆም ነው፤ ለራዳሩ እንደ መስታወት ያበራል።

ባዶ ካርታ «አይንቀሳቀስም» ማለት አይደለም፤ «አልተለካም» ማለት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አለመሳሳቱ ብርቅ ነው።

ድንገት የሚከፈት ጉድጓድን ያስጠነቅቃል?

በአብዛኛው አያስጠነቅቅም፤ በዚህ ጉዳይ ተስፋ ሲጋነን አያለሁ። ጥልቀት በሌለው የድሮ ቁፋሮ ላይ ጣሪያው እየተፈረካከሰ ወደ ላይ የሚወጣ ባዶ ቦታ ገጽ ሲደርስ የሚከፍተው ጉድጓድ አንድ ሁለት ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ከራዳሩ የምስል ነጥብ ያነሰ ነው፤ ሲከፈትም በአንድ ሌሊት ነው። ያለ ካርታ የተዘነጋ የድሮ ቀጥ ያለ የማዕድን መውረጃም እንዲሁ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ170 ሺህ በላይ የማዕድን መግቢያዎች ተመዝግበዋል፤ ራዳር አንዱን መክደኛ ሲበሰብስ አያይም።

ነገር ግን ሄርለን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 2011 ሎን በሚባለው የገበያ ማዕከል ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ወለሉ ሰመጠ፣ የሕንፃው ምሰሶዎች ተንቀሳቀሱ፤ የማዕከሉ አንድ ክፍል ተለቅቆ እንዲፈርስ ተደረገ። ምክንያቱ ከድሮ የከሰል ቁፋሮ የተነሳ ባዶ ቦታ በዓመታት ውስጥ ወደ ላይ መጓዙ ነበር። ከዚያ በኋላ የደልፍቶቹ ቻንግና ሃንሰን ከ1992 ጀምሮ የተጠራቀመውን የራዳር መረጃ ወደ ኋላ ሄደው ሲበረብሩ፣ ሕንፃው ላይ ያሉ ነጥቦች ከአካባቢያቸው ተለይተው ሲንቀሳቀሱ እንደነበር አሳዩ። ምልክቱ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚህ የሚወሰደው ሚዛን ያለው ነው። ሰፊ ሕንፃ፣ ብዙ ነጥብ፣ ዓመታት የፈጀ ቀስ ያለ መንሸራተት ስለነበረ ነው ምልክቱ የተገኘው። በዚያ ላይ የት እንደሚፈልጉ አስቀድመው አውቀዋል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ነጥቦች መካከል የትኛው ነገ እንደሚከፈት ቀድሞ መናገር ሌላ ነገር ነው፤ ቢሆንም በየጊዜው «ከጎረቤቱ የተለየው ማን ነው?» እያለ የሚፈትሽ ፕሮግራም መኖሩ ከዝምታ እጅግ ይሻላል።

በጀርመኑ የከሰል ክልል በሩር ፓምፑ ለዘላለም ይሠራል የሚባለውስ?

የጀርመን የመጨረሻው ጥቁር ድንጋይ ከሰል ማዕድን ቦትሮፕ የሚገኘው ፕሮስፐር-ሃኒየል ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ተዘጋ። ሩር ውስጥ ከ20 ሜትር በላይ የሰመጡ ቦታዎች አሉ፤ ፓምፕ ባይኖር ዝናቡና ወንዙ ሐይቅ ያደርጋቸው ነበር። ጀርመኖቹ ይህን «የዘላለም ሥራ» ይሉታል፤ ወጪውን እንዲሸፍን በ2007 የተቋቋመ ፋውንዴሽን አለ። የማዕድኑን ውሃ በተመለከተ ግን እስከ ተወሰነ ከፍታ እንዲሞላ ተፈቅዷል፤ ከላይ ያለው መሬት እንዴት እንደሚመልስ ከሚከታተሉት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ራዳር ነው።

የከሰል ፍርስራሽ ክምሮችን ለመከታተልስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ በልኩ። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ዌልስ ውስጥ አበርፋን ላይ ክምር ተንሸራቶ ትምህርት ቤት ሲውጥ 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የካቲት 2020 ደግሞ በዴኒስ ዐውሎ ነፋስ ዝናብ ታይለርስታውን ላይ አንድ ክምር ተናደ፤ ሰው ባይሞትም ዌልስ ክምሮቿን እንደገና መቁጠር ጀመረች። ራዳር የሚያየው ክምሩ ቀስ ብሎ ሲያዘነብል ነው። በአንድ የዝናብ ሌሊት ውሃ ጠጥቶ የሚፈስን ክምር ቀድሞ አይይዘውም። ለዚያ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚጠርግና በእግሩ ሄዶ የሚያይ ሰው ይሻላል።

ቤት ልገዛ ነው፤ ይህን ካርታ አይቼ ልወስን?

አትወስኑ። ከብሪታንያ ቤቶችና ንግድ ቦታዎች ሩብ ያህሉ የከሰል ክልል ላይ ናቸው፤ ከሥር መቆፈሩ ብቻውን ቤቱን መጥፎ አያደርገውም። መጀመሪያ የሚታየው ጠበቃችሁ የሚያስመጣው የማዕድን ፍተሻ ሪፖርት ነው፤ የቁፋሮውን ጥልቀት፣ ዘመኑን፣ በአቅራቢያ የተመዘገበ መግቢያ መኖሩን ይናገራል። ሪፖርቱ ጥልቀት የሌለው ቁፋሮ ወይም መግቢያ አለ ካለ የሕንፃ መሐንዲስ አማክሩ። የራዳር ካርታ ሦስተኛ ምስክር ነው፤ የሚጠቅመውም ከሁለቱ ጋር ሲነበብ ነው።

በከሰል ምክንያት ለደረሰ ጉዳት የ1991 የመስመጥ ሕግ አለ፤ አቤቱታው የሚቀርበው በ1994ቱ ሕግ ለተቋቋመው መንግሥታዊ የከሰል ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ስሙን ቀይሮ የማዕድን ማገገሚያ ባለሥልጣን በሚል ትርጉም ይጠራል። ስንጥቅ ካያችሁ ፎቶ ከቀኑ ጋር አስቀምጡ፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከማንኛውም ሳተላይት ቀድሞ የሚያግዛችሁ እሱ ነው። ብዙ ስንጥቅ ደግሞ ከዛፍ ሥር፣ ከደረቀ ሸክላ አፈር ወይም ከሚያፈስ ቧንቧ እንጂ ከከሰል አይመጣም።

ካርታውን ያለ ክፍያ ማየት እችላለሁ?

አዎ። ከ2022 ጀምሮ የአውሮፓ የመሬት እንቅስቃሴ አገልግሎት ከሴንቲኔል-1 የተሠራውን ውጤት ለሕዝብ ከፍቷል፤ ነጥብ ነክታችሁ ግራፉን ታያላችሁ። ኖርዌይ ከ2018፣ ጀርመን ከ2019 ጀምሮ የራሳቸው አገራዊ አገልግሎት አላቸው። ጥሬውን መረጃ አውርዶ ራስን ማስተማርም ይቻላል፤ ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ የሚያንስ ትዕግሥት ነው።

ቀያሹ ከእንግዲህ አያስፈልግም?

ያስፈልጋል። ሳተላይቱ አካባቢውን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ቀያሹ ሌቭሉን፣ ማለትም የከፍታ መለኪያውን ተክሎ አንድ ነጥብን ያረጋግጣል። የራዳሩ ስህተት የሚታወቀው መሬት ላይ ካለ መለኪያ ጋር ሲጋጭ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ያገባዋል?

ከከሰል አንጻር ጥቂት። ያዩ ወይም ደልቢ-ሞዬ የከሰል ክምችት አለን፤ እንደ ሩር በከተማ ሥር የተቆፈረ የመቶ ዓመት ጥልቅ ማዕድን ግን የለንም።

ዘዴው ግን አገራችንን በደንብ ያውቃታል። መስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቅልጥ ዓለት ግድግዳ ከሥር ገብቶ ምድርን እስከ 8 ሜትር እንደከፈተ ያሳየው የኤንቪሳት ራዳር ነበር። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥና ነዋሪዎች ከቀያቸው ሲወጡም ተመራማሪዎች ሴንቲኔል-1ን ተጠቅመው ቅልጥ ዓለቱ ከሥር ወዴት እንደሚጓዝ ተከታትለዋል። እዚያ እንቅስቃሴው በሜትር ይቆጠራል፣ ሄርለን ላይ በሚሊሜትር፤ ሞገዱ ግን ያው 5.6 ሴንቲሜትር ነው።